የሁለቱ ሻርኮች ፈተና

የቀራንዮው አቶ ፈቀደ የቀድሞ ባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው። ባሕሩ ከእጃችን ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እሳቸው ግን እስካሁን ከመርከቡ አልወረዱም። ለቅሶ ቤት እንኳ ቁጭ ብለው ስለ ሻርክ ነው የሚያወሩት። ጥቁር ጫፍ የሚባል አለ፣ ከውኃ እየተሽከረከረ ስለሚዘል ተሽከርካሪ የሚባል አለ፤ ሁለቱም የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ ቁርጥ መንታ! የሚለያቸው ከሆድ በታች፣ ወደ ጭራው ያለችው ትንሿ ክንፍ ናት፤ እሷ የአንዱ ትጠቁራለች፣ የአንዱ አትጠቁርም። በዚህች ክንፍ ያልተፈተነ የእድር አባል የለም። ለነገሩ የቀራንዮን ሰው ምን ቸገረው፣ ታክሲ ሲጠብቅ ሻርክ ላይነክሰው!

ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ እየመጣ የሚያዳምጣቸው ኢዮስያስ ብቻ ነበር። እሳቸው ተማሪ አገኘሁ ብለው ፈነደቁ። ልጁ ግን ዓይኑ ጓዳ በር ላይ ነው፤ የሚጠብቀው ልጃቸው ምህረት ብቅ እስክትል ነው። ይሄን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ከእሳቸው በስተቀር።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ገሜዳ ከፊት ሆነው፣ "ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም" አሉ። "ምህረትን ለኢዮስያስ ብለን ነው የመጣነው።"

አቶ ፈቀደ ደማቸው ፈላ። "ለካ ለሻርኩ ብሎ አልነበረም! በሉ ደውሉለት። ያቺ ክንፉ የምትጠቁረው የትኛው ነው? ካወቀ ይውሰዳት፣ ካላወቀ ልጅ የለኝም!"

ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ እንደቆመ ተደወለ፤ ስልኩም ላውድ ላይ ሆነ። ጓዳ ውስጥ ምህረት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ልጁን ደግሞ ከልቧ ትወደዋለች።

"እ... ሁለቱም ናቸው አይደል ጋሼ?" አለ ኢዮስያስ።

"በቃ! አበቃ!"

ሽማግሌ ባለበት የልጅቷ ድምፅ አይሰማም፤ ወግ ነው። ምህረት ግን ወጉን ረስታ ከጓዳ ጮኸች። "ተሽከርካሪው ነው! ያውም ካደገ በኋላ ነው የሚጠቁረው! አፍንጫውም ረዘም ይላል፣ የጀርባው ክንፍም ወደ ኋላ ፈቀቅ ያለ ነው!"

አቶ ፈቀደ ይሄን ሁሉ ዓመት ለለቀስተኛው፣ ለሊስትሮው፣ ለጎረቤቱ ሲያስረዱ ለእሷ አንድ ቀን ነግረዋት አያውቁም። አፈሩ፣ በጣም አፈሩ።

"አንቺ... ይሄን ማወቅሽን ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠይቀኸኝ፣ አባዬ?"

ሽማግሌዎቹን በእጃቸው ምልክት አስቀመጧቸው፤ እሺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "ሳላውቃት ልድራት ነው" አሉ።