ሀ ወይም ገ

ሩሲያኖች ሀ የላቸውም። እኛ ሦስት ዓይነት ሀ ደርድረን አንዱንም በወጉ ሳንጠቀምበት፣ እነሱ ያን ሁሉ አገር፣ ያን ሁሉ ታንክና ያን ሁሉ በረዶ ይዘው አንዲት ሀ አጥተው ይኖራሉ። ከሦስቱ አንዷን በእርዳታ መልክ ብንልክላቸው ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ባላየሁ ነበር።

የአባቴ ስም በሀ ይጀምራል። ለሕክምና ትምህርት እዚያ የደረስኩ ሰሞን አንዲት የመዝገብ ቤት ሴትዮ ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሀውን ልታወጣው ታገለች፣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ጉሮሮዋን ጠረገች፣ በመጨረሻም በገ ጻፈችው። መልሳ አነበበችልኝና ልክ ነው ወይ አለችኝ። ከቋንቋቸው የማውቃት አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷኑ ተጠቀምኩባት። «ዳ» አልኳት። አዎ ማለት ነው። በዚያች ዳ የሮቤውን ጋሪ ነጂ ሽሬ ፈጣሪ ያልፈጠረውን ሰውዬ አባቴ አደረግኩት። ሰባት ዓመት በሰውዬው ስም ተጠራሁ፣ በስሙ ታመምኩ፣ በስሙ ተመረቅኩ። በኋላ በኋላ ፊርማዬን ስፈርም እጁ ከእጄ ቀድሞ የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር።

አባቴ የሞተው አራተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ነው። እናቴ ቀድማ ስለሞተች ቤት የቀሩት እሱና ፈረሱ ብቻ ነበሩ። መርዶውን የሰማሁት ከተቀበረ ከወራት በኋላ፣ ለእረፍት አገር ቤት ደርሶ ከመጣ ተማሪ አፍ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከአባቴ አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም። አድራሻዬን ጽፌ ላክኩ፣ መልስ የለም። ተቀይሞኛል ብዬ እኔም ተቀየምኩና መጻፍ ተውኩ።

ስመለስ ጎባ ተመደብኩ። የጎባን ብርድ የማያውቅ ሰው ካለ እንዲህ ልበለው፦ ከሳኔቲ ተራራ የሚወርደው ጉም ካርድ ሳያወጣ በመስኮት ገብቶ አልጋ ይይዛል። ከጎሮና ከሶፍ ዑመር አቅጣጫ በፈረስና በቃሬዛ የሚመጡት ሽማግሌዎች ግን ብርድ አልነበረም የሚያመጣቸው። ምግብ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ ይሉኛል። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻ ውሃው። ጉሮሯቸውን ከፍቶ እብጠቱን የሚያወጣላቸው ሰው በአካባቢው አልነበረም። ወተት ጠጡ እያልኩ እሸኛቸዋለሁ። ቀዶ ሐኪም ልሁን ብዬ የተነሳሁት ከእነሱ የተነሳ ነው።

የአገልግሎት ዘመኔን ጨርሼ ለስፔሻላይዜሽን መግቢያ ፈተና አመለከትኩ። ዕድሜዬ ከተፈቀደው ጣሪያ ሥር ደርሶ ስለነበር ይህ ዙር ካመለጠኝ ሌላ ዙር የለኝም። የድጋፍ ደብዳቤው ተሟልቷል፤ ውጭ አገር የተማረ ሐኪም የሚጠየቀው የዲፕሎማ ማረጋገጫ ላይ ስንደርስ ነገሩ ቆመ። አዲስ አበባ ያለው ጸሐፊ ዲፕሎማዬንና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴን ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ ካያቸው በኋላ፣

«ጓድ፣ ሐኪሙ ሌላ ሰው ነው» አለኝ። «እርስዎ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱት ነዎት።»

ሐኪሙን ይዤው ልምጣ ወይ አልኩት። አልሳቀም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ወረቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላመጣሁ ፈተናው እንደማይፈቀድልኝ ነገረኝ።

የሮቤው ዳኛ ሁለት ጎረቤቶቼን ሰሙና አልበቃቸውም። እነዚህ የሚያውቁት ከመሄድህ በፊት ያለውን ነው፤ እዚያ በነበርክበት ጊዜ ከአባትህ ጋር ያገናኛችሁ ሰው ካለ ይምጣ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሮቤ ገበያ ዳር ተቀምጠው ለማይጽፈው ሁሉ የሚጽፉ ሽማግሌ። የሮቤ ሕዝብ ግማሹ የተጋባው፣ ሌላው ግማሽ የተፋታው በእሳቸው ብዕር ነው። አባቴም ደብዳቤ ካጻፈ ከእሳቸው ሌላ አያጽፍም።

ሄድኩ። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን፤ የእኔን ጤና፣ የሆስፒታሉን ጤና፣ የጎባን ጤና ጠየቁኝ። የመጣሁበትን ነገር አሳምሬና ቀባብቼ፣ ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እያስመሰልኩ ተረኩላቸው። ጥርሳቸውን አላየሁትም። ተነስተው ጓዳ ገቡና ከቆርቆሮ ሳጥን ሦስት ፖስታ ይዘው ወጡ።

«ለዚህ ልጅ ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት» አሉ። «እዚህ የለም ብለው ሦስት ጊዜ መለሱት። አሁን መጥተህ ነበርኩ ትለኛለህ። ልማልልህ?»

ፖስታውን ተቀበልኳቸው። አድራሻው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በዚያ በሚያምር እጃቸው ተጽፏል። የአባቴ ስም መነሻ ሁለት ቋሚና አንድ ማገር ያላት የእንግሊዝኛ ሀ ናት፤ ቀጥ ብላ ቆማለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህቺው ቅርጽ በሩሲያ ፊደል ነ ተብላ ነው የምትነበበው። ማደሪያችን በር ላይ በአባት ስም ፊደል ተራ የተከፋፈለ የፖስታ መደርደሪያ ነበር። እኔ በየጠዋቱ ገ ውስጥ እጄን እከታለሁ፤ የአባቴ ደብዳቤ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ነ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ወር ሲሞላው ይመልሱታል። አድራሻዬን ወደ ቤት ስጽፍ ከተማውንና የክፍሉን ቁጥር ብቻ ነው ያሰፈርኩት፤ ስሜን አልጻፍኩም። ለገዛ አባቱ ስሙን የሚጽፍ ማን አለ?

ሁለቱ ፖስታዎች እንደታሸጉ ነበሩ። ሦስተኛው ተከፍቷል። አጭር ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ፈረሱ ደህና ነው ይላል። ከዚያ፣ «ማርቃ እንኳን አልወርድ አለኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አስተማሪዎችህን ጠይቅልኝ» ይላል። ማርቃ የሚላት ገንፎን ነው።

የመጀመሪያ በሽተኛዬ እሱ ነበር፤ ካርዱ ደግሞ ነ ውስጥ።

«ሳይመለስለት ሞተ» አልኩ።

«ተመልሶለታል።»

«ማን መለሰለት?»

«አንተ» አሉኝ።

ፖስታው ተመልሶ የመጣ ቀን አባቴ ደጃቸው ላይ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ። የውጭ አገር ማኅተሙን ሲያይ የእኔ መልስ መሰለው። ከስቶ ነበር፤ አይደለም ለማለት አፋቸው እምቢ አላቸው። ቀደዱት። የራሱን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው የእኔን መልስ አነበቡለት፦ ወተት ለብ አድርገህ በትንሽ በትንሹ ጠጣ፤ አጥሚቱ ይቅጠን፤ ጋሪውን ለሰው ስጥና እረፍ፤ እኔ ደርሼ አይሃለሁ።

«ምን አለ?»

«‹ሐኪም ሆኗላ› አለ። ልጓሙን ሳበና ሄደ።»

ሰባት ዓመት ተምሬ፣ በዚያ ላይ ጎባ ያን ያህል ጊዜ ሠርቼ፣ በመድኃኒቱ ላይ የምጨምረው አልነበረም። እኔም ለጎሮ ሽማግሌዎች የማዘው ያንኑ ነው። ሀ አለ፣ ገ አለ፣ ነ አለ፤ ለአባቴ ልጅ የነበሩት ግን እሳቸው ናቸው።

«አንድ ጊዜ አንተን ሆኜ ዋሽቻለሁ» አሉ። «አሁን ደግሞ በቁርኣን ላይ እጄን ጭኜ?»

ጎንበስ ብዬ ፊደሏን አፈሩ ላይ በጣቴ ጻፍኩላቸውና እነሱ ነ ብለው እንደሚያነቧት ነገርኳቸው። እሳቸውም በጣታቸው ደገሟት።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ መንገድ ላይ የጣልኩት እኔ ነኛ።»

የለም፣ በዚያች «ዳ» ምክንያት እኔ ነኝ አልኳቸው። ጥፋቱን እንደ ምሳ ሂሳብ ስንሻማ ቆየንና ውዱእ አድርገው፣ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተከተሉኝ። ፍርድ ቤት ማሉ፤ ሦስቱንም ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዳኛው የተከፈተውን አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁ ፈረሙ።

ወረቀቱ በሀ «ወይም» በገ የሚጠራው አንድ ሰው ነው ይላል። ያን ጊዜ የመንግሥት ደብዳቤ ሁሉ የሚያልቀው «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ብሎ ነውና እሱም ከታች አለ። ሁለት «ወይም» በአንድ ወረቀት። ከሮቤ አዲስ አበባ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ እያጠፍኩና እየዘረጋሁ አነበብኩት።

የፈተናው ቀን አዳራሹ በር ላይ ዝርዝር ተለጥፏል። ጸሐፊው ተጠንቅቆ ኖሯል፤ የራሴ ስም አንድ ስለሆነ ሁለታችንንም አከታትሎ ጽፎናል። ሁለት ተራ ቁጥር፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት የጥያቄ ወረቀት። እኔ ሀው ላይ ተቀመጥኩ።

አልፌያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጉሮሮ ከፍቻለሁ። ከዚያ ቀን ዛሬም የምሰማው ግን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ነፋስ ወረቀቱን ሲያገላብጥ የነበረውን ድምፅ ነው። አንድ ሰው ቀስ ብሎ የሚያነብ ይመስል ነበር። ዞር እላለሁ፣ ባዶ ነው። አቀርቅሬ ስጽፍ እንደገና ይገለጣል።

ፈታኙ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ይሄኛውን ታውቀዋለህ?» አሉኝ ወደ ወንበሩ እያመለከቱ።

«አውቀዋለሁ።»

«ለምን ቀረ?»

«ደብዳቤ አልደረሰው ይሆናል» አልኳቸው።

ደግ ሰው ነበሩ። መንገድ ላይ ይሆናል ብለው ወረቀቱን ሳያነሱበት እስከ መጨረሻው ደወል ጠበቁት።