ዘንዶውና የበርበሬው ሚዛን

አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ በምትባል ከተማ ታክሲ በምነዳበት ዘመን ቤቴ ውስጥ ትንሽ ዘንዶ አሳድግ ነበር። ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲገባ የምሰጠውን አይጥ አልበላም አለ። ዘንዶውን የሸጠልኝ ሰውዬ፣ «አፉን ፈልቅቀህ ካላጎረስከው ይሞትብሃል» አለኝ። እኔ ግን አላጎረስኩትም። የታመመ እንስሳ እንደሚከሳ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ መመዘን ይበቃል።

ባለቤቴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በበርበሬዋ ሚዛን እመዝነው ነበር። አንድ እሑድ ቀድማ መጥታ ያዘችኝ።

«አንተ ሰውዬ! በርበሬዬን የምመዝንበት ላይ?»

«ሁለት ወር ሙሉ ሳይበላ ምንም አልቀነሰም እኮ!»

«እሱስ ጾመኛ ነው። መመዘን ያለብህ አንተ ነህ!»

ሻጩ በደወለ ቁጥር «አጉርሰው» ይለኛል፤ እኔም እምቢ እላለሁ። ዛፉ ሁሉ ሲያብብ፣ በሁዳዴ እኩሌታ፣ ዘንዶዬ አይጧን ለቀም አድርጎ ዋጣት።

«ጾሙን ሻረ!» ብላ ባለቤቴ ሳቀች።

ሻጩ ግን «ዕድለኛ ነህ» አለኝ። የምን ዕድል! አምስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ መዝኛለሁ። ለባለቤቴ አዲስ ሚዛን ገዛሁላት፤ አሮጌው ግን እስከ ዛሬ የእኔና የዘንዶዬ ነው።