መንገድ የማይጠይቀው መምህር

ባለቤቴ ጂሩ የጡረታ ዘመኑን የነቀምቴን ሰው ሲቀብር አሳለፈ። አካፋ ይዞ አይደለም፤ እስክሪብቶ ይዞ ነው። እኛ ዘንድ አስከሬን ከጸሎት ቤት ከመውጣቱ በፊት የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ያን ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነበር።

የጀመረው በቁጣ ነው። አንድ ቀን ከቀብር ተመልሶ ጭቃ የያዘ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ፣

«ሸዋጌጥ፣ ዛሬ የተቀበረው ማን ነው?» አለኝ።

«ባለሱቁ ጫንያለው ነዋ። ምን ሆነሃል?»

«እኔስ ከተነበበው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ አሉ። እሱማ ባለፈው ሳምንት የቀበርነው ሰውዬ ነው። ጫንያለው ስኳር ሲመዝን ትንፋሹን ይይዝ እንደነበር ማን ተናገረለት?»

ከዚያ ወዲህ ሐዘን ቤት እየሄደ ራሱ ይጽፍ ጀመር። ደንብ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ታሪክ ውስጥ አንዲት ጉድለት ትገባለች። ትንሽ፣ ማንንም የማትጎዳ፣ ግን የሟቹ ብቻ የሆነች። «ያቺ ከሌለች ሳጥኑ ውስጥ ማን እንዳለ በምን እናውቃለን?» ይላል።

መጀመሪያ ላይ ሰው ተቆጣ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ኦቦ ሌንጮ ዓመት ሙሉ ሰላም አላለንም። አባቱ ጃንጥላቸውን ለሰው ከማዋስ ይልቅ፣ በዝናብ አብረው ሄደው ሰውየውን ቤቱ አድርሰው ይመለሱ ነበር ተብሎ ስለተነበበ ነው። እያደር ግን ከተማው ለመደው። ደግነቱና እንግዳ መቀበሉ ሲነበብ የሚያንጎላጅ ሁሉ፣ ጉድለቷ ስትቃረብ ነቃ ይላል። እኔም «የሰው ጉድለት ለቃሚ» እያልኩ እተርበው ነበር።

መተረቤን ያቆምኩት በየሺአረግ ምክንያት ነው። ከጊዳ አያና ተፈናቅላ መጥታ ከእኛ ቤት አጠገብ አንድ ክፍል የተከራየች ሴት ናት። ባሏ የተቀበረው እዚያው፣ በጥድፊያ፣ ምንም ሳይነበብለት ነው። ጂሩ አንድ ቀን እሷ ዘንድ ቁጭ ብሎ ስለ ሰውየው ሲጠይቃት ዋለ። በማግስቱ ጎረቤቱን ሰብስቦ እዚያችው ክፍል ውስጥ አነበበው። በቆሎው ሳይደርስ በእሸቱ እየጠበሰ እርሻውን የሚያጋምስ ሰው ነበር ሲል፣ የሺአረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«እሱ ነው» አለች። «እሱው ራሱ ነው።»

ከዚያ አለቀሰች። ያን ቀን ነው ስታለቅስ ያየናት፤ ከመጣች ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር።

የጂሩን ጉድለት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገድ አይጠይቅም።

ጂሩ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ከተማው በኦሮምኛ ባርሲሳ፣ መምህር ማለት ነው፣ እያለ ይጠራዋል። መጀመሪያ አንገር ጉቲን፣ ኋላም እዚህ አስተምሯል። ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ እንዳዞረ፣ እጁን ወደ ኋላ ልኮ፣ የዓባይን ወንዝ ጠመኔውን ሳያነሳ ሰሌዳ ላይ ይስል ነበር። ከገበያ ወደ ገዛ እህቱ ቤት ሲሄድ ግን ይጠፋል። ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ ሰው። ምናለ ብትጠይቅ ስለው፣ «የጂኦግራፊ መምህር መንገድ ሲጠይቅ ተማሪ ካየ፣ ከዚያ ወዲያ ካርታ የሚያምን ማን ነው?» ይለኛል።

አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባው ደረሳ ልጁን ሲድር ጠራን። ቤቱ ከጉቴ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ከአስፋልቱ ወርደን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። እንጨት የተሸከመ ሰው እያለፈ ነበር።

«ጂሩ፣ ይሄን ሰው ጠይቀው።»

«ዘፈኑ አይሰማሽም? ሰርግ እኮ ራሱ ይጣራል።»

ዘፈኑን ተከትለን ደረስን። ኮቱንና ሽበቱን ያዩ ሰዎች ከፊት አስቀመጡን። በላን፣ ጠጣን፣ ይዘነው የሄድነውን ብርድ ልብስ ሰጠን። በመጨረሻ ምርቃት ሲጠይቁት ተነስቶ ቆመ፤ ሲቆም ደግሞ ቶሎ አይቀመጥም። እኔ ዙሪያዬን ባይ ባይ የማውቀው ሰው የለም። ሲቀመጥ ጠጋ ብዬ፣

«የደረሳ ልጅ እንዲህ ረጅም ናት እንዴ?» አልኩት።

«ቬሎ ለብሳ ማን ይለያል» አለኝ።

በማግስቱ ደረሳ ደወለ። «ምነው ባርሲሳ፣ አሳዘንከኝ፤ ስንጠብቅህ ውለን?» ጂሩ ስልኩን በመዳፉ ከድኖ ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ ትናንት የመረቅኩት ማንን ነው?»

የመረቃቸው ሰዎች ዛሬ ልጆች ወልደዋል፤ በበዓል በበዓል እየመጡ ይጠይቁናል። ማን እንደጠራን ግን እስካሁን ግራ ገብቷቸዋል።

ጂሩ ታሞ ሕመሙ ሲጠናበት፣ አንድ ከሰዓት አልጋው አጠገብ አስጠራኝ።

«የእኔም ላይ ይግባ» አለኝ። «የሚያነበው ሌንጮ ነው፤ ይሉኝታ ይዞት ይዘለዋል። አደራ፣ እንዳይዘለው።»

«የትኛው ጉድለትህ ይግባ?»

«ስንት አለኝ እንዴ?» አለ፤ ከልቡ ነበር የገረመው።

ሲያርፍ ታሪኩን ልጃችን ኢቢሴ ጻፈችው። ጉድለቱንም አስገባች። ኦቦ ሌንጮ ድንኳኑ ውስጥ ተቀብሎን አነበበውና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«አዴ ሸዋጌጥ፣ ይቺ መስመር ብትወጣስ?»

«ለምን ትወጣለች?»

«ባርሲሳ እኮ ነው። እኔንም ያስተማረኝ ሰው ነው። ሕዝብ ፊት ቆሜ ይጠፋ ነበር ልበል?»

«በአባትህ ጊዜ ተነበበ ብለህ አኮረፍክ፤ አሁን ደግሞ አይነበብ ትላለህ። አንተን ምን ደስ ይበልህ?»

«የአባቴ እውነት ስለነበረ ነው ያኮረፍኩት።»

«የእሱስ ውሸት ነው?»

«ደረሳ ቤት ከጠበቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እሺም እምቢም አላለኝም።

ጭንቀቴ ይኸው ነበር። የሰውን ሁሉ መልክ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ በራሱ ቀን ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ተብሎ ብቻ ከሄደ፣ የተቀበረው ጂሩ አይደለም። አደራውንም በልቻለሁ ማለት ነው።

ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ሌንጮ ሲያነብ ድምፁ ጥሩ ነው። የትውልድ ቦታውን አነበበ፣ ያስተማረባቸውን ቦታዎች አነበበ፣ ለተማሪዎቹ አባት ነበር አለ። ከዚያ፣ «ጌታ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ» ብሎ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

አሜን የሚል ጠፋ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔ ልነሳ ነጠላዬን ሳስተካክል ተቀደምኩ። ከኋላ በኩል፣ ጮክ ሳይል፣ የየሺአረግ ድምፅ መጣ።

«ጉድለቱስ?»

አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ደገሙላት። ከመስኮቱ ውጭም ሌላ ሰው ጠየቀ። ሌንጮ መነጽሩን አወለቀ፣ በከረባቱ ጠረገው፣ መልሶ አደረገውና ወረቀቱን ዘረጋ።

«ባርሲሳ ጂሩ የዓለምን ወንዞች ሁሉ ያውቅ ነበር» ብሎ አነበበ። «መንገድ ግን አይጠይቅም ነበር። ከዚህም የተነሳ የማያውቃቸውን ሰዎች ሰርግ መርቋል።»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ እየተቀባበለ ወደ ፊት መጣ። ሌንጮ ራሱ ሳቀ። ሲስቅ ግን የቀረውን ማንበብ አቃተውና ኢቢሴ ተቀብላ ጨረሰችው።

አስከሬኑን የጫነው አይሱዙ የጂሩ የቀድሞ ተማሪ የሮብሳን ነው። እኔን ጋቢና አጠገቡ አስቀመጠኝ። አዲሱ መቃብር ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ሮብሳን ደግሞ ሥራው የደምቢ ዶሎ መስመር ስለሆነ ሄዶበት አያውቅም። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ሲደርስ አቆመ፤ ኋላችን የነበረው ሕዝብም ቆመ። መስኮቱን አወረደና ዳር ተቀምጣ በቆሎ የምትጠብሰውን ሴት ጠየቃት። በአገጯ ወደ ግራ አመለከተችው።

ማርሽ እያስገባ ወደ እኔ ዞር አለ። ፊቱ ደንግጧል።

«አዴ፣ ይቅርታ» አለኝ። «ባርሲሳን ይዤ መንገድ ጠየቅኩ።»

«ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት። «እሱ አልሰማም።»