አጥንት የሌለበት ማርማላታ

የባሌን ታላቅ እህት ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምላት። አሳድጋዋለችና ደንቡ ነው፤ «እትዬ» ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ ነው የምስማት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሷ» ናት። ቢያንስ እዚህ ላይ ጎንበስ አልልም።

ነገሩ የጀመረው የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በዚያ ዓመት ፍልሰታ ነው። እኛ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ነበር፤ እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮሎምቢያ ሃይትስ። ባለቤቴ ስኳር በሽታ ከያዘው ቆይቷል። በዚያን በጋ አዲስ ጫማ የቀኝ እግሩን ትንሿን ጣት ላጠውና ቁስሉ አልድን አለ። ሐኪሙ እግሩን አገላብጦ አየና ስኳሩ ካልወረደ ጣቱ እንደሚቆረጥ በግልጽ ነገረን። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውን በምን እንደሚበላ ነው።

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል፤ ለጾመኛ ግን አይደለም። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ቆሞ ውሎ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ይወርዳል። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፤ ያለው ዳቦ፣ ሻይና ማርማላታ ነው። እህቱ ደግሞ በስኳር ያበደ የእንጆሪ ማርማላታ እየሠራች በትልቅ ብልቃጥ ይዛ ትመጣለች። ዳቦው ላይ ትቆልልና፣ «እንካ የኔ ጌታ፣ ከስተህ አለቅህ እኮ፤ ቤትህ ምግብ የለም እንዴ?» እያለች ሰው ሁሉ እያየ ታጎርሰዋለች። ያሳደገች እህት እጇን ዘርግታ ማን አፉን ይዘጋል? እሱ ይውጣል፣ እኔ ከዳር ቆሜ የእግሩን ጣት አያለሁ።

በዚያን ጊዜ ሥራዬ ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ውስጥ አንዲት ኦስትሪያዊት አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ነበር። አጥባቸዋለሁ፣ አበስልላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ። ለእሳቸው አንቱታው ከልቤ ነው። በወጣትነታቸው አሜሪካዊ ወታደር አግብተው የመጡ ናቸው፤ ስኳርም አለባቸው። በአገራቸው ኮምፖት የማይገባበት ጓዳ የለም አሉኝ። ፍራፍሬ በስኳር ውሃ ይቀቀልና ከነጭማቂው በጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል። ማርማላታማ፣ በተለይ አፕሪኮት ከሚባለው ቢጫ ፍሬ የሚሠራው፣ ኬኩም ውስጥ ነው፣ ቂጣውም ውስጥ ነው። ሐኪሙ ስኳር ሲከለክላቸው እንደ ባለቤቴ አልተቀበሉትም፤ ተናደዱ። «እኔን የከለከለኝ ስኳር ነው፣ ፍሬ አይደለም» ብለው የእናታቸውን አሠራር ሁሉ እንደገና ጀመሩት።

ጓሯቸው ውስጥ ባላቸው የተከሉት አንድ የፕለም፣ አገር ቤት ፕሪም የምንለው፣ ዛፍ ነበር። ፕለሙን ለሁለት እየከፈልን የውስጡን ጠንካራ ፍሬ እናወጣለን። ለኮምፖቱ ትንሽ ውሃ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ጥቂት ቅርንፉድና የሎሚ ልጣጭ ጨምረን ከድነን በመለስተኛ እሳት መተው ነው፤ ጭማቂውን ራሱ ያወጣል። ለማርማላታው ደግሞ ፕለሙን ትሪ ላይ ዘርግተን ኦቨን ውስጥ እናስገባለን። አልፎ አልፎ እየተማሰለ ውሎ፣ ጠቁሮና ወፍሮ ማንኪያ ሲያቆም ይወጣል። ስኳር የሚባል አይነካውም። አፕሪኮት ግን ያለ ስኳር አልረጋ ብሎ ያስቸግራል፤ ለእሱ ከግሮሰሪ የሚገዛ፣ ከፍራፍሬ ልጣጭ የሚሠራ ማርጊያ ዱቄት እንጨምራለን። ስኳር የሌለው ማርማላታ ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ በትንንሽ ብልቃጥ እያደረግን ፍሪዘር ውስጥ ነው የምናኖረው። ሲበላም በማንኪያ ነው። «ፍሬውም የራሱ ስኳር አለው፤ አታሞኚኝ» ይሉኝ ነበር፣ ሁለተኛ ማንኪያ ስጨምርላቸው።

ቤቴ ወስጄ ለባለቤቴ ሠራሁለት። ወደደው። ጠዋት ጠዋት ጣቱን ወግቶ የሚያየው ቁጥር መውረድ ጀመረ፤ ቁስሉም ከጠርዙ ደረቀ። ተስፋ አደረግሁ፣ አልዋሽም፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እዘፍን ነበር።

አንድ ቀን እሷ ልትጠይቀን መጣች። ውሃ ልትቀዳ ወጥ ቤት ገብታ የማርጊያውን ፓኬት ጠረጴዛው ላይ አየችው። አንስታ አገላበጠችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአፕሪኮቱ ማርጊያ ነው፣ እትዬ። ከፖም ልጣጭ ነው የሚሠራው።»

«ማርጊያ?» ፊቷ በራ። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ጄላቲን በይኛ! የከብት አጥንት እኮ ነው! በእመቤታችን ጾም ወንድሜን አጥንት ታበዪዋለሽ?»

ፓኬቱን ተቀብዬ አነበብኩላት፤ ከፍራፍሬ ይላል፣ አንድም ቦታ ከብት አይልም። ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በሳምንቱ እሑድ አዳራሹ ውስጥ ወሬው ከሻይ ማንቆርቆሪያው ፊት ፊት ይሄድ ነበር፤ የእኔ ማርማላታ አጥንት አለበት ተባለ። የጾመኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ጥርጣሬ ከገባ አለቀ፣ መርምሮ የሚበላ የለም። ማርጊያውን ትቼ እንዲረጋ አፕሪኮቱን በጨርቅ ከቋጠርኩት የፖም ልጣጭና የፖም ፍሬ ጋር ማብሰል ጀመርኩ። ለባለቤቴ ጨርቁን ሳይቀር አሳየሁት።

«አምንሻለሁ» አለኝ። «ግን እትዬ እንዲያ ካለች ልቤ አይቀበለውም። ጾም ነው። ከተጠራጠርኩ አልበላም።»

የሷን እንጆሪ ግን በላ። እስከ ጾሙ መጨረሻ በላ። ለመስቀል ጣቱ አልነበረም።

ሐኪሙ ጣት በማርማላታ ብቻ አይቆረጥም፣ በሽታው የቆየ ነው አለን። ይበል። እኔ የሐኪሙን አስተያየት አልጠየቅኩትም። ሆስፒታል ልትጠይቀው ስትመጣ እጇ ላይ ምን ይዛ ነበር? ብልቃጥ። «አፉ እንዳይመረው» አለችኝ። ተቀበልኳት፣ ጎንበስ ብዬ ሳምኳት፣ ከሄደች በኋላ ከነክዳኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ ይህቺ ሴት የእኔን ማርማላታ ትበላለች፣ ጾም ነው ብላም ትመሰክራለች አልኩ። ወንድሟ በጾሙ የሚበላውን ከእጄ የሚቀበለው በሷ አፍ ብቻ መሆኑ ገብቶኛል። ሌላ ጣት ደግሞ አልሰጣትም።

ዓመት ጠበቅኩ። በሚቀጥለው ፍልሰታ የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ውስጥ እሷ ሰሃን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። መኪናዋ መውጫ ዘግቶ ኖሮ ሰው መጥቶ ጮኸ።

«እጄ አረፋ ነው» አለችኝ። «ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጪና ሙቭ አድርጊልኝ።»

ቦርሳዋን ከፈትኩ። ከቁልፉ ሥር በዚፕ የሚዘጋ ጥቁር ከረጢት ነበር፤ ዚፑ ግማሽ ተከፍቷል። በየቀኑ ሴንት ፖል የማየውን፣ ቤቴም ያለውን ዕቃ እኔን ማን ያስተምረኛል? መውጊያው፣ ወረቀቱ፣ ትንሿ የስኳር መለኪያ ማሽን። ቁልፉን ይዤ ወጣሁና መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። አዝኜላት ነበር ብል ደስ ባለኝ። አላዘንኩም። ልቤ እልል አለ። ማንም እንዳያውቅባት የደበቀችው በሽታ ወንድሟን «ረሃብ ነው» ያለችበት በሽታ ነው።

ለአሮጊቷ በሙሉ ነገርኳቸው። ይመክሩኛል ብዬ ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡና ዛፉን ቀና ብለው አዩት። «አሁን አትልቀሚ» አሉኝ። «ቅርንጫፉን የያዘበት ጋ የፍሬው ቆዳ እስኪጨማደድ ይቆይ። ያኔ ነው የሚጣፍጠው፤ ስኳር የለበትም ብላ አታውቅብሽም።» እኚህ ሴት እንዲህ ያወቁኝ መቼ ነው አልኩ በልቤ።

ጾሙ በሚፈታበት ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዶሮ ወጡ ወጣ፣ ዓይቡ ወጣ። ሰው ከበላ በኋላ ሻይ ሲቀዳ የፕለም ማርማላታዬን ከዳቦ ጋር ይዤ እሷ ከታላላቆቹ ጋር ወደተቀመጠችበት ጠረጴዛ ሄድኩ። ዳቦውን ቀባሁት። ቆለልኩት፣ ልክ እሷ እንደምትቆልለው።

«እትዬ፣ ዛሬ እንደ እርስዎ ነው የሠራሁት» አልኩ ጮክ ብዬ። «ስኳሩን አልሰሰትኩም። አንዴ ላጉርስዎት።»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ጠግቤያለሁ፣ እህቴ…»

«ቅር ይለኛል፣ እትዬ። ደግሞ ጾሙ ተፈቷል፤ አጥንት ቢኖርበትስ ምን ይለናል?»

ሳቁ ጨመረ። እሷ እጄን አየችው፣ ከዚያ ዓይኔን። ስኳር እንዳለብኝ አውቀሻል ወይ የሚል ጥያቄ ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ መልሱን ከለከልኳት። ወንድሟ ከማዶ ጠረጴዛ በፍቅር እያየን ነው። አፏን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ሰጥቶ መተው ነውር ነው፤ ደገምኳት። ሠለስኳት። ስትውጥ ግንባሯ አላበው። ያን ከሰዓት ያክል ሻይ ጣፍጦኝ አያውቅም፣ የእኔ ሻይ ደግሞ ስኳር የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ስልክ ደወለች።

«ትናንት ያጎረስሽኝ ምንድነው?»

«ማርማላታ ነዋ፣ እትዬ።»

«ስኳር አልሰሰትኩም አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ…» አለች። የምትቀጥለው ቃል እንደሚያጋልጣት ታውቃለች። ጠበቅኳት፤ አውቶቡሱ መጥቶ ሲያልፈኝ እያየሁ ጠበቅኳት። «ታዲያ ቁጥሬ ለምንድነው ያልሰቀለው? ማታ ቼክ አደረግሁ፣ ዛሬ ጠዋትም ቼክ አደረግሁ።»

«የምን ቁጥር?»

«ሹገር አለብሽ ብለውኛል» አለች በቀጭን ድምፅ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ምንድነው ያደረግሽበት?»

ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ያሟሸሁትን ቃል አወጣሁት።

«አጥንት» አልኳት።

ማልቀሷን ሰማሁ። ስልኩን አልዘጋሁትም። ለቅሶው ሲበርድ አሠራሩን አሳይኝ አለችኝ። አሳይዎታለሁ አልኳት፤ በመጀመሪያ ግን በነቢያት ጾም፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ወንድምዎ ፊት ከእኔ ብልቃጥ ይበላሉ፣ ጾም ነው ይላሉ። በሽታዎን እኔ አላወጣም፤ አጥንቱን ግን እርስዎ ያወጣሉ።

እሑዱ ሲደርስ በረዶ ጥሎ ነበር፤ አዳራሹ የረጠበ ካፖርት ይሸታል። የአፕሪኮቱን ማርማላታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ተነስታ ቆመች። ድምፅዋ ከምጠብቀው በላይ ጠንካራ ነበር።

«ባለፈው አጥንት አለበት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «የለበትም። ያው ጾመኛ ነኝ፣ እበላዋለሁ።»

ማንኪያውን ልታነሳ ስትል ቀደምኳት። እዚህ ላይ ብተዋት ኖሮ ጥሩ ሰው እባል ነበር። ዳቦውን ቀብቼ እጄን ዘረጋሁላት፤ ሰው ሁሉ እያየ በላች። ባለቤቴ ከእሷ ቀጥሎ የራሱን ዳቦ ዘረጋ። «ለእኔም» አለ፣ እንደ ልጅ። አንድ ማንኪያ ቀባሁለት። የአንዱ ጣት ቦታ ጫማው ውስጥ ባዶ ነው፣ የቀሩት ግን እስከ ዛሬ አሉ።

አሁን በየወሩ ባዶ ብልቃጥ ይዛ ቤቴ ትመጣለች። አሠራሩን አሳይቻታለሁ፤ የአንቺን ያህል አይሆንልኝም ትላለች። እሞላላታለሁ፣ ምንም አልሰስትባትም። ከመክደኔ በፊት ግን የመጀመሪያውን ዳቦ በእጄ ነው የማጎርሳት፣ ሦስት ጊዜ። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ ያየናል።

«እንዴት እንደምትዋደዱ» ይላል።

እሷ እያየችኝ አፏን ትከፍታለች።