አንዴ ብቻ የጠየቀችው ነርስ

እኔን ብሎ የእንግሊዝኛ አስተማሪ! ፊደል ቢያሳዩኝ ቀናውን ከግልብጡ የማልለይ ሴትዮ፣ አርፌ ሽንኩርቴን እንደመክተፍ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ጥልቅ ማለት የልጅነት በሽታዬ ነው፤ መድኃኒትም የለው።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሺራ እዚህ እስራኤል፣ አሚሻቭ ሰፈር፣ እኔ ቤት፣ ለአንግሊት፣ ለእንግሊዝኛው ፈተና ትለማመዳለች። ስልኩ «ሃው አር ዩ» ይላታል፣ እሷ ትመልሳለች። እኔ ከምድጃው ሆኜ ቀደምኳት። «ፋይን፣ ታንክ ዩ» አልኩ፣ ምላሴን በጥርሴ መሀል አሾልኬ፣ ልክ እንደ ፈረንጅ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ማን አስተማረሽ ብትለኝ ቀለድኩባትና ወደ ሽንኩርቴ ዞርኩ። ሽንኩርት ደግ ነው፤ ሲያስለቅስ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

የተማርኩት ሱዳን ነው፣ ድንኳን ውስጥ። ከጎንደር በእግራችን ወጥተን፣ ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለን መንገድ ላይ የተጎለትን ጊዜ። አስራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈ የለም። ዝናቡ አልፎ ፀሐዩ ጭቃውን እንደ ሸክላ ሰነጣጥቆታል። ውሃው ጀሪካን ጀሪካን ይላል። ማሽላው አሸዋ ስላለው ስናኝክ ለጎረቤት ይሰማል። ሕፃናቱ በተቅማጥና በትኩሳት ያልቃሉ። ጠዋት ጠዋት ወንዶቹ አካፋ ይዘው ሲወጡ ዛሬስ የማን ነው አንልም፤ ለቅሶው ከየት በኩል እንደሆነ ብቻ እናዳምጣለን።

ነርሷ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ፈረንጅ ነበረች። በየድንኳኑ በር እየቆመች ትጠይቃለች፤ የታመመ ካለ ሐኪሙ ዘንድ ታስወስዳለች። አስተርጓሚ ነበራት፣ እኛ ግን እሱ ሲመጣ እንደበቃለን፤ አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ነዋ። ይሄን አይታ መሰለኝ በእኛ በኩል ብቻዋን መምጣት ጀመረች። እኔ ጥልቋ እየተከተልኩ በጣቴ አሳያታለሁ፣ እሷ ቃሉን ትሰጠኛለች። ውሃው ዋተር፣ ማንኪያው ስፑን፣ ወተቱ ሚልክ። «ታንክ» ለማለት ምላሷን ስታወጣ የሰደበችኝ መስሎኝ እኔም አወጣሁባት። በሳቅ ፈረሰች።

ማታ ማታ የተማርኩትን ለሴቶቹ አስተምራለሁ። ምላስ ማውጣት ነውር ነው ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ነበር «ታንክ» የሚሉት። በዚያ አገር እንደዚያ የሳቅንበት ጊዜ የለም። ከሁሉ የምትስቀው የጎን ድንኳን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ነበረች። ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ፣ ማሩ የሚባል ጡት የሚጠባ ልጅ ብቻ ቀርቷታል።

ነርሷ «ሲክ»ንም አስተምራኝ ነበር፣ ሆዷን ይዛ ዓይኗን ጨፍና። እሱን አላስተማርኳቸውም። ክፉ ቃል እናት አፍ ላይ አላስቀምጥም አልኩ። «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ይበቃል። እንደኛ አገር ነው የመሰለኝ። ሰው እንዴት አደርሽ ሲልሽ ቤትሽ እየተቃጠለም ቢሆን ደህና፣ እግዜር ይመስገን ትያለሽ። ልጆቹስ? ደህና። ከብቱስ? ደህና። ከዚያ ሰውየው ፊትሽን ያይና፣ ምነው ጠቆርሽ ይልሻል። ጉድሽን የምታወጭው ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩን የሚዘረግፍ ያላደገ ነው።

ማሩ ታመመ። ማታውን ሲያስመልሰው አድሮ ጠዋት ነርሷ በር ላይ ቆመች፤ ሕፃኑ እንዴት ነው አለች። እትዬ ጥሩዬ ልጁን በነጠላዋ ሸፍና ይዛ ብድግ አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ፋይን፣ ታንክ ዩ» አለች። አጥርታ! ምላሷ አልተሳሳተም። ነርሷ ደስ ብሏት ትከሻዋን ነካ አድርጋት ሄደች። እትዬ ጥሩዬ እንደቆመች ቀረች፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ትጠብቃለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ያውም በተማሪዬ ኮርቼ። ነርሷ ሦስተኛው ድንኳን ደርሳለች።

«ትመለሳለች» አለችኝ። «ሰው አንዴ ጠይቆ አይሄድም።»

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የማሩ ዓይን ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁና ሮጬ የነርሷን ቀሚስ ያዝኩ፤ «ሲክ» አልኳት፣ «ሲክ፣ ሲክ»። ሮጣ መጣች። ነጠላውን ገልጣ ልጁን ረጅም ጊዜ አየችው፣ ጆሮዋንም ደረቱ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝና በቀስታ «ፋይን?» አለች።

ማሩን ከሰዓት በፊት ቀበሩት። እትዬ ጥሩዬ አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። «ሁለተኛ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር» ብቻ ትላለች፤ ይሄንኑ ለመጣ ለሄደው ሁሉ። እኔም ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል እንግሊዝኛ ለሰው አላስተማርኩም።

ይሄን ታሪክ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ትናንት ግን ከኩፓት ሆሊም፣ ከጤና ጣቢያው ስንወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጎረቤቴ ለብርኽቲ ነገርኳት። ብርኽቲ የትግራይ ሴት ናት፤ ነገር ማዞር አታውቅም። ከፔሳሕ በዓል ወዲህ ደረጃ ስወጣ ደረቴን ስለሚይዘኝ ጎትታ የወሰደችኝ እሷ ናት። ሐኪሟ ደግሞ ልጅ እግር ናት፣ ሰው የሚበዛባት፤ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ እንዴት ነሽ አለችኝ፣ እኔም «በሰደር»፣ ደህና ነኝ ብያት ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ፤ ያደግሁበት ነገር ነውና በምን ልፋቀው? «ሲክ» የሚለውን ቃል ለጥሩዬ የነፈግኋት እኔ፣ ለራሴም እነፍጋለሁ።

ብርኽቲ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አውቶቡሳችን መጥቶ በሩ ሲከፈት ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

«ጥሩዬስ ቃሉን አታውቀው፤ አንች እያወቅሽ ነው የምትሞችው» አለችኝ። «ያላ፣ ተመለሽና ለሐኪሟ ንገሪያት።»