እጀ ቀና

ዜናው የደረሰኝ መጋረጃ እየለካሁ ነው። አሶሳ ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ አንዲት ደንበኛ የመስኮቷን ስፋት በክንዷ ዘርግታ እያሳየችኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሀዋሳ ሳለሁ ከጎኔ የሕፃናት ልብስ ትሸጥ የነበረችው ጓደኛዬ ናት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ስሚማ፣ ፎቁ ተዘጋ እኮ!»

ፎቁ የምንለው ከታቦር ተራራ ወረድ ብሎ የሚገኘውን ባለ አንድ ፎቅ የገበያ ማዕከል ነው። በአካባቢው ሌላ ፎቅ ባልነበረበት ዘመን የወጣለት ስም ነው። ዛሬ በዙሪያው ከእሱ የሚያጥር ሕንፃ ባይኖርም ስሙን የቀማው የለም።

«መቼ?» አልኳት።

«ትናንት ነዋ። እቃችንን አወጣን፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጸለይን፣ ተላቀስን፣ ወጣን። ያቺ ሱቅሽን የያዘችው ልጅ አስጨረሰችን።»

«ምኑን ነው ያስጨረሰቻችሁ?»

«ገበያውን ነዋ! ከየሱቁ አንድ አንድ ነገር ገዛች። ከእኔ ካልሲ፣ ከጋሼ መርፌ። የመጨረሻው ሽያጭ በእሷ እጅ ይሁን ያሉት ጋሼ ናቸው።»

ደንበኛዬ ክንዷን እንደዘረጋች ትጠብቀኛለች።

«ቀናሽ እንዴ?» አለች ጓደኛዬ እየሳቀች።

«በኢየሱስ ስም! ምን ብዬ ነው የምቀናው?»

ቀንቻለሁ።

ነጋዴ ላልሆነ ሰው ነገሩ ልጅነት ሊመስለው ይችላል። የእኛ ነጋዴ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ የመጀመሪያውን እቃ እስኪሸጥ ልቡ አይረጋም። የመጀመሪያው ገዢ እጁ ጥሩ ከሆነ ገበያው ሲግተለተል ይውላል፤ ካልሆነ ዝንብ ማባረር ነው። ስለዚህ እጁ የተመሰከረለት ሰው ሲያልፍ «እስቲ አስጀምረኝ» ይባላል።

ጋሼ ከደረጃው ሥር ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጡ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ዝናባማ ጠዋት ወደ ሱቄ ሳልፍ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እስካሁን አልጀመርኩም። መርፌም ቢሆን ግዢኝ።» ገዛኋቸው። ገና የራሴን በር ሳልከፍት የሙሽራ እናት ከነሚዜዎቹ ገብታ ዳንቴላቸውን ጠራርጋ ወሰደች። ጋሼ መደርደሪያቸውን እየደበደቡ «እጀ ቀና! እጀ ቀና!» ሲሉ ፎቁ በሙሉ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንደ ሐኪም በየሱቁ የምዞር ሆንኩ። እዚህ የፀጉር ማስያዣ፣ እዚያ ካልሲ፣ ከጋሼ ሁልጊዜ መርፌ። ቤቴ መርፌ በመርፌ ሆነ። ባለቤቴ «ሰው ጤፍ ያከማቻል፣ የእኔዋ መርፌ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የጸሎት ሰው ነኝ፤ እጅ ገበያ ያመጣል ብዬ አላምንም። «የሚያቀናው ጌታ ነው፣ እጄማ ሥጋ ነው» እላቸው ነበር። ከልቤ ነው። ከልቤ መሆኑ ግን በጠዋት ገስግሼ ከሁሉ ቀድሜ ከመድረስ አልከለከለኝም። ማንም ሳይቀድመኝ።

ቋንቋችን ደግሞ ጉደኛ ነው። «ቀናኝ» ያለ ሰው ተሳክቶለታል፤ «ቀናሁ» ያለ ግን በሌላው መሳካት ተቃጥሏል። ሁለቱን የሚለያያቸው መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ብቻ ናት። ከአንደኛው ወደ ሌላኛው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም ነበር።

የፎቁ ገበያ እየቀዘቀዘ የመጣው እኔ እዚያው እያለሁ ነው። ዋናው መንገድ ላይ አሳንሰር ያላቸው ሕንፃዎች ተነሡ፤ ወጣቱ ወደዚያ ሄደ፣ የቀረውም እቃውን በስልኩ መርጦ በባጃጅ ማስላክ ለመደ። መጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ተራቆተ፤ ፎቶ ቤቱ ወጣ፣ ፀጉር ቤቶቹ ተከተሉት። ከሐይቁ የሚመጡት አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ጣሪያው ላይ ተደርድረው፣ ራሰ በራ ራሳቸውን አቀርቅረው ቁልቁል ያዩናል። ጓደኛዬ «ተከራይ አገኘን፣ ግን ኪራይ አይከፍሉም» ትላለች።

ባለቤቴ ወደ አሶሳ ሲዛወር ሱቄን አንዲት ልጅ ተረከበችኝ። የስልክ ሽፋንና ማዳመጫ ነው የምትሸጠው። ሱቁን ብቻ የተረከበችኝ መስሎኝ ነበር።

ያወቅኩት ለእህቴ ሠርግ ሀዋሳ የሄድኩ ጊዜ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ ፎቁ ገባሁ። ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ ነው የምራመደው። አቀፉኝ፣ ሳሙኝ፣ ወፈርሽ አሉኝ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ዳኤ ቡሹ!» አሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ማለታቸው ነው፤ እንግዳ የሚቀበሉበት ቃል። ለእኔ ብለውት አያውቁም ነበር።

«ጋሼ፣ መርፌ ልግዛዎት?» አልኳቸው።

«ግዢ እንጂ ልጄ።»

«ላስጀምርዎት ብዬ ነው።»

«ኧረ ጀምረናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን! ይቺ ልጅ በጠዋት ነው የምታስጀምረን። እጇ እንዴት እንደሚቀና ብታዪ!»

ልጅቷ ከቀድሞው ሱቄ በር ላይ ቆማ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ። ቁጥብ ናት፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። የሁሉንም እቃ በስልኳ ፎቶ እያነሣች ገዢ ታመጣላቸዋለች አሉ፤ የጋሼን ዳንቴል ሳይቀር ይርጋለም ድረስ ሸጣለች። እጇ የሚቀናው በስልኳ ነው፣ ይሄማ ማንም የሚችለው ነው አልኩ በሆዴ። እኔ ግን አልቻልኩትም፤ አስቤውም አላውቅ። መርፌዬን ገዝቼ ወጣሁ። ያቺ መርፌ ዛሬም ከነወረቀቷ አለች፤ ልሰፋባት እጄ አልሄደልኝም።

መጽሐፉ ቅናት አጥንትን ያነቅዛል የሚለውን አውቃለሁ። ስልኩ የተደወለ ቀን ማታ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ልጅቷን ባርካት» አልኩ። አፌ አለ። ልቤ «ግን መርፌውን ለምን?» ይላል።

በማግሥቱ ደግሜ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ፎቁ ከእንግዲህ ምን ሊሆን ነው ብዬ ነው የደወልኩት፤ ቢያንስ እንደዚያ ነው ያልኳት።

«ላዩ የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል፣ ታችኛው መስታወት በመስታወት ይሠራል» አለችኝ። «ሲያልቅ ቅድሚያ ለነባር ተከራይ ነው ብለውናል። ጋሼ ደረጃው ሥር ካልሆነ አልገባም ብለው ከአሁኑ እየተጨቃጨቁ ነው።»

«ሲከፈት ማን ያስጀምራችኋል?»

«ያው ልጅቷ ናታ። አንቺ የት ነሽና!»

በክፋት አላለችውም። እውነቷን ነው፣ የት ነኝና። የአሶሳ ሰው ጨዋ ነው፣ ይወደኛል፣ ቤተ ክርስቲያንም አብሮኝ ይጸልያል። ጎረቤቶቼ ነጋዴዎች በጠዋት ሳልፍ «እንዴት አደርሽ» ይሉኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ አልፋለሁ። እጄን ግን የሚያውቀው የለም። አንድ ቀን የጎረቤቴ ሳሙና ሻጭ በር ላይ ቆሜ ሳይጠሩኝ ሳሙና ገዛሁ። ሳሙናማ ቤቴ ሞልቶ ነበር።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆማችሁ የጸለያችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ልለምናችሁ። ከመበተናችሁ በፊት ጋሼ ስሜን አንሥተው እንደሆነ ንገሩኝ። ካላነሡም አነሡ ብላችሁ አታጽናኑኝ፤ ይገባኛል። ሌላው ልመናዬ ስለመክፈቻው ጠዋት ነው። ልጅቷ ካልሲውንም፣ የፀጉር ማስያዣውንም ታስጀምር፣ ጌታ ያቅናላት። ደረጃው ሥር ስትደርስ ግን እባካችሁ ትንሽ አቆዩልኝ። አስቀድማችሁ ቀኑን ብቻ ንገሩኝ እንጂ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢያድርም እደርሳለሁ። ጋሼ ያቺን አንድ መርፌ ለማንም እንዳይሸጡብኝ።