ግራው እጅጌ

የልብስ ሰፊዋ መቀስ ተሳስቶ አያውቅም፤ ጥፋት ከተገኘ የጨርቁ ነው። ታናሽ እህቷ «እትዬ፣ ግራ እጅጌው ጠበበኝ» ስትላት፣ «አፈር ይብላ ይሄ ጨርቅ!» ብላ ስፌቱን ፈታ አሰፋችው። ሰንበት ብሎ ደግሞ ጠበበ፤ አሁንም ጨርቁን ረግማ አሰፋችው።

ዛሬ ለአዲስ ቀሚስ ስትለካት ግራ ክንዷ ከቀኙ ወፍሮ አገኘችው። ብብቷን ዳበሰች። እንደ ሽምብራ የጠጠረ፣ የማይነቃነቅ ንፍፊት አለ።

«ያምሻል?»

«ኧረ ምንም!»

ደግማ ዳበሰችው። የእናታቸውን የጡት ካንሰር ያከመው ሐኪም ያኔ ነግሯት ነበር፦ ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ክፉውን ሕዋስ ከጡት ወደ ብብት ያደርሰዋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ክንድ ያብጣል።

እህቷ ሳቀች። «ምነው መለካቱን ተውሽው? ግራ እጅጌውን ለቀቅ አድርጊልኝ እንጂ፣ መቼም ለምደሽዋል!»